ትንሿ ምልክትና ትልቁ አደራ

ሰው የራሱን ገንዘብ በራሱ ከረጢት ሲይዝ ሒሳብ መርማሪ አያስፈልገውም፤ ማታ ቈጥሮ ይተኛል፥ ጧት ቈጥሮ ይነሣል። ገንዘቡን ለሌላ ሰው በአደራ የሰጠ ዕለት ግን ሁለት ነገሮች አብረው ይወለዳሉ፤ አንደኛው እምነት ነው፥ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። እምነት ብቻውን ሲሆን ተንኰለኛን ያደፋፍራል፤ ጥያቄ ብቻውን ሲሆን ደግሞ ቅኑን ሰው ያሳዝናል፥ ማኅበርንም ያፈርሳል። ሁለቱን አስማምቶ የሚያኖረው ሥራ የሒሳብ ምርመራ ይባላል።

በዚህ ወር ስለዚሁ ሥራ፥ ይልቁንም በሥራው መጀመሪያ ደረጃ ላይ ቆመው ስለሚለማመዱት ወጣቶች ልንጽፍ አስበናል። ምክንያቱም በባሕር ማዶ፥ በተለይም በአሜሪካ፥ ከሚኖሩት ቤተሰቦቻችን ብዙዎቹ ልጆቻቸውን የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ያስተምራሉ፤ ልጁም ከትልልቆቹ የምርመራ ድርጅቶች በአንዱ ለጥቂት ወራት ተለማማጅ ሆኖ ሲገባ በቤት ውስጥ ታላቅ ደስታ ይሆናል። ወላጅ ግን የድርጅቱን ስም እንጂ የሥራውን ጠባይ ለማወቅ ዕድል አያገኝም። ልጁ ማታ ደክሞ ሲመለስ «ምን ስትሠራ ዋልህ?» ቢሉት፥ «ወረቀት ሳመሳክር» ከማለት በቀር የሚመልሰው የለውም። እኛም ይህ ወረቀት ማመሳከር የተባለው ነገር ሲያዩት ትንሽ፥ ሲመዝኑት ግን ከባድ መሆኑን ለማስረዳት እንወዳለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ በሌላ ካልገለጽናቸው በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን በአገራችን አንድ መቶ አባወራ ያለበትን ዕድር እንውሰድ። ገንዘብ ያዡ ይታወቃል፥ ቤቱም ይታወቃል፤ ጸሐፊው መዝገቡን በስብሰባ ላይ ያነብባል፥ የተጠራጠረም አባል ተነሥቶ ይጠይቃል። ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑ፥ ድስቱና ወንበሩ ተቈጥሮ ይወጣል፥ ተቈጥሮም ይመለሳል። በእንዲህ ያለ ማኅበር ውስጥ እያንዳንዱ አባል በጥቂቱ መርማሪ ነው። አክሲዮኑ በብዙ መቶ ሺሕ ሰዎች እጅ የተበተነ ኩባንያ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። በካሊፎርንያ የምትኖር አንዲት ጡረተኛ መምህርት የጡረታዋ ገንዘብ በየትኛው ፋብሪካ እንደ ገባ እንኳ ላታውቅ ትችላለች፤ ሄዳም መጋዘኑን አስከፍታ ልትቈጥር አይቻላትም። ስለዚህ በርሷ ፈንታ የሚሄድ፥ በርሷ ፈንታ የሚቈጥር፥ ከኩባንያውም ጋር በጥቅም ያልተዛመደ ሰው ያስፈልጋል።

የሥራው ታሪክ ረዥም ነው። ሉካ ፓቾሊ የተባለ ኢጣልያዊ መነኵሴ በ1494 በቬኒስ ከተማ ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ፥ የቬኒስ ነጋዴዎች ይሠሩበት የነበረውንና እያንዳንዱን ገንዘብ በሁለት ወገን የሚመዘግበውን ሥርዐት ገልጾ ጻፈ። ከብዙ ዘመን በኋላ በእንግሊዝ አገር የባቡር ሐዲድ ኩባንያዎች ከማይተዋወቁ ብዙ ሰዎች ገንዘብ ሲሰበስቡ፥ ምርመራ ራሱን የቻለ ሙያ እየሆነ ሄደ። ዊልያም ዌልች ዴሎይት በ1845፥ ሳሙኤል ሎዌል ፕራይስ ደግሞ በ1849 በለንደን ቢሮ ከፈቱ፤ የኤዲንብራ ሒሳብ ዐዋቂዎች ማኅበርም በ1854 ከንግሥት ቪክቶርያ መንግሥት የመቋቋሚያ ቻርተር ተቀበለ። ዛሬ በዓለም ላይ ታላላቅ የሚባሉት አራት ናቸው፤ ዴሎይት፥ ፕራይስ ዋተርሃውስ ኩፐርስ፥ ኧርንስት ኤንድ ያንግና ኬ.ፒ.ኤም.ጂ.። ቀድሞ ስምንት ነበሩ፤ በ1989 በተደረጉት ሁለት ውሕደቶች ስድስት፥ በ1998 አምስት ሆኑ። አምስተኛው እንዴት እንደ ጠፋ በኋላ እንናገራለን።

ወደነዚህ ድርጅቶች የሚገባው ተለማማጅ አብዛኛውን ጊዜ የኮሌጅ ትምህርቱን ለመጨረስ አንድ ወይም ሁለት ዓመት የቀረው ተማሪ ነው። ልምምዱ በአሜሪካ ሁለት ወቅት አለው፤ አንዱ በብርዱ ወራት ከጃንዋሪ ጀምሮ፥ ሌላው በሙቀቱ ወራት ከጁን ጀምሮ ይደረጋል። የብርዱ ወራት ልምምድ የጥድፊያ ጊዜ ነው፤ ብዙዎቹ ኩባንያዎች የሒሳብ ዓመታቸውን በዲሴምበር 31 ስለሚዘጉ፥ ከመካከላቸውም ትልልቆቹ ዓመታዊ ሪፖርታቸውን በ60 ቀን ውስጥ ለመንግሥት ተቈጣጣሪ ማቅረብ ስለሚገባቸው፥ ሥራው ሁሉ በጥቂት ሳምንታት ላይ ይደራረባል። በግብር ክፍል የሚለማመደውም የግብር ማስታወቂያው ቀን ኤፕሪል 15 እስኪያልፍ ድረስ ዕረፍት የለውም።

ማዕርጉ እንደ መሰላል ነው። ከላይ የድርጅቱ ባለቤቶች የሆኑት ሸሪኮች አሉ፤ የምርመራው ሪፖርት የሚወጣው በእነርሱ ኀላፊነት ነው። ከነርሱ በታች ማኔጀሩ፥ ከማኔጀሩ በታች ሲኒየር የሚባለው የቡድን መሪ፥ ከርሱ በታች አዲሶቹ ተቀጣሪዎች፥ ከሁሉም በታች ተለማማጁ ይገኛል። ይህን ስናይ የአብነት ትምህርት ቤት ትዝ ይለናል፤ በዚያም አዲሱን ተማሪ ሁልጊዜ መምህሩ ራሳቸው አይዙትም፤ አስቀድሞ የገባው አስቀጻይ ያስጠናዋል፥ ያርመዋል፥ ሲሳሳትም ይመልሰዋል። በምርመራ ቤትም ተለማማጁ የሠራውን ሲኒየሩ ያየዋል፥ የሲኒየሩን ማኔጀሩ፥ የማኔጀሩን ሸሪኩ ያየዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ የሚያየው በበታቹ ያለው ሰው የጻፈውን ወረቀት ነው። ይህችን ነገር ልብ እንድትሉልን እንለምናለን፤ ከላይ ያለው ሰው መጋዘኑን አላየም፤ ያየው ተለማማጁ «አየሁ» ብሎ የጻፈውን ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት በትምህርት ያልፋል። ለተለማማጁ ኮምፒውተር ይሰጠዋል፤ የደንበኛን ምስጢር በሊፍት ውስጥም ሆነ በምግብ ቤት እንዳያወራ ይነገረዋል። ከዚያም ስለ ገለልተኛነት ቅጽ ይሞላል፤ የየትኛው ኩባንያ አክሲዮን እንዳለው ገልጾ ይፈርማል፤ ከሚመረመረው ኩባንያ አክሲዮን ያለው ሰው ያንን ምርመራ ሊነካ አይፈቀድለትምና። የሃያ ዓመት ልጅ አንድ አክሲዮን ቢኖረው ምን ጕዳት ያመጣል የሚል ይኖር ይሆናል። የአገራችን ሰው ግን ምክንያቱን ቶሎ ያውቀዋል፤ በርስት ክርክር ለዘመዱ የፈረደ ሽማግሌ፥ ፍርዱ እውነት ቢሆን እንኳ፥ ተሸናፊው አያምነውም።

ከዚያ በኋላ ተለማማጁ ከቡድኑ ጋር ወደ ደንበኛው መሥሪያ ቤት ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ የሚሰጣቸው አንድ የስብሰባ ክፍል ነው፤ በረዥም ጠረጴዛ ዙሪያ አምስት ስድስት ሰዎች ኮምፒውተራቸውን ከፍተው ይቀመጣሉ። የተለማማጁም ሥራ እንዲህ ያለ ነው። ኩባንያው በባንክ ይህን ያህል ገንዘብ አለኝ ቢል፥ በኩባንያው ቃል ሳይወሰን ከባንኩ ከራሱ በቀጥታ ማረጋገጫ እንዲመጣ ይጠይቃል። ኩባንያው ይህን ያህል ሸጥሁ ቢል፥ ከብዙ ሺሕ ሽያጮች መካከል ናሙና ይመረጥና ተለማማጁ የእያንዳንዱን ደረሰኝ ቍጥር፥ ቀን፥ የገንዘብ ልክና የዕቃ መላኪያ ሰነድ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። የአንዱን ገጽ ቍጥሮች ቍልቍልም ወደ ጐንም ደምሮ ውጤቱ አንድ መሆኑን ያያል። የተስማማለት እንደ ሆነ፥ በትምህርት ቤት «ራይት» የምንላትን ዐይነት ትንሽ ምልክት ከቍጥሩ አጠገብ ያደርጋል፤ በግርጌም የምልክቷ ትርጕም ይጻፋል፤ ይኸውም «ከዋናው ሰነድ ጋር አመሳክሬአለሁ» ማለት ነው።

የዕቃ ቈጠራ ሲደርስም ወደ መጋዘን ይላካል። አሠራሩ ቀላል ነው፥ ነገር ግን ሁለት መንገድ አለው። አንዳንዱን ዕቃ ከዝርዝሩ መርጦ በመደርደሪያው ላይ መኖሩን ያያል፤ ይህም የሌለው ዕቃ አለ ተብሎ እንዳይጻፍ ነው። ሌላውን ደግሞ ከመደርደሪያው መርጦ በዝርዝሩ ላይ መጻፉን ያያል፤ ይህም ያለው ዕቃ ተረስቶ እንዳይቀር ነው። የታሸገ ካርቶን ቢያጋጥመው ያስከፍታል፤ የሞላ የሚመስል ክምር መካከሉ ባዶ ሊሆን ይችላልና።

ይህ ወደ መጋዘን መሄድ እንዲያው የመጣ ልማድ አይደለም። መኬሰን ኤንድ ሮቢንስ የተባለ ታላቅ የመድኃኒት ንግድ ኩባንያ በአሜሪካ ነበረ። ፕሬዚዳንቱ ዶናልድ ኮስተር እየተባለ ይጠራ ነበር፤ በ1938 ነገሩ ሲገለጥ ግን እውነተኛ ስሙ ፊሊፕ ሙዚካ የሆነ፥ ቀድሞም በማታለል የተፈረደበት ሰው ሆኖ ተገኘ። ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ በካናዳ መጋዘኖች አሉን እያለ የሌለ ዕቃና የሌለ ሽያጭ በመዝገብ ያጽፍ ኖሯል። ኩባንያው አለኝ ካለው 87 ሚሊዮን ያህል ዶላር ሀብት ውስጥ 19 ሚሊዮን ያህሉ በወረቀት ላይ ብቻ የነበረ ነው። መርማሪው ፕራይስ ዋተርሃውስ ሲሆን፥ በዚያ ዘመን ዕቃውን ሄዶ ማየት በሙያው ደንብ ግዴታ አልነበረም፤ ወረቀት ከወረቀት ጋር ይመሳከር ነበር፥ ወረቀቱም ከወረቀቱ ጋር በደንብ ይስማማ ነበር። ከዚህ በኋላ በ1939 የአሜሪካ ሒሳብ ዐዋቂዎች ማኅበር ቈጠራን በዐይን ማየትንና ባለዕዳዎችን በቀጥታ መጠየቅን የምርመራ ደንብ አደረገ። እንግዲህ ዛሬ የእናንተ ልጅ በብርድ መጋዘን ውስጥ ቆሞ ሣጥን የሚያስከፍተው ስለዚህ ነው።

ሥራው ይህ ከሆነ ፈተናው ምንድን ነው? ስርቆት አይደለም፤ በተለማማጅ እጅ የሚሰረቅ ገንዘብ አይገባም። ፈተናው ድካምና ኀፍረት ናቸው። በጥድፊያው ወራት ቡድኑ እስከ ሌሊት ይቀመጣል፥ ቅዳሜም ይሠራል። ለተለማማጁ በሁለት ሰዓት ያልቃል ተብሎ የተገመተለት ሥራ አራት ሰዓት ይፈጅበታል። ሲኒየሩን እንዳይጠይቅ ሰውየው ፋታ የለውም፤ ደግሞም አያውቅም እንዳይባል ያፍራል። ዓምና የተሠራው ወረቀት በፊቱ ተከፍቷል፤ በርሱ ላይ ያሉት ምልክቶች ሁሉ የተሟሉ ናቸው። በመርማሪዎች ዘንድ «እንደ ዓምናው» የሚል የቀልድ አነጋገር አለ፤ ዓምና እንዲህ ተጽፏልና ዘንድሮም እንዲሁ ይጻፍ ማለት ነው። ከዚህም ሁሉ በላይ ድርጅቱ በልምምዱ መጨረሻ ለብዙዎቹ ተለማማጆች ቋሚ የሥራ ጥሪ ይሰጣል፤ ስለ ጠባያቸውና ስለ ሥራቸው የሚመሰክረውም ይኸው ሲኒየር ነው። ልጁ ይህን ያውቃል። ወላጆቹ ለትምህርቱ የተበደሩትንም ያውቃል።

በልጅነቱ እኛ ዘንድ የተማረ፥ አሁን ከወላጆቹ ጋር በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንድ ወጣት፥ ከነዚህ ትልልቅ ድርጅቶች በአንዱ ከተለማመደ በኋላ ደብዳቤ ጽፎልን ነበር። በፈቃዱ ነገሩን እናካፍላችኋለን፤ የርሱንም የድርጅቱንም ስም ግን አንጠራም።

ሃያ አምስት የሽያጭ ደረሰኞች እንዲያመሳክር ተሰጠው። ሃያ ሦስቱን አገኘ፤ ሁለቱ ከደንበኛው ዘንድ ገና አልመጡም ነበር። ሰዓቱ ከምሽቱ አምስት ሆኗል፤ ሲኒየሩም ሥራውን ለማኔጀሩ ሊያስተላልፍ ይጠብቃል። አብሮት የሚለማመደው ጓደኛው፥ ክፋት የሌለበት መልካም ልጅ ነው፥ «ሃያ ሦስቱ ትክክል ከሆኑ ሁለቱ ምን ይሆናሉ ብለህ ነው? እኔም በበኩሌ የጐደለኝን እንዲሁ ምልክት አድርጌበት ጨረስሁ፤ ነገ ሲመጣ ታየዋለህ» አለው። ወጣቱ እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አንሥቶ ጥቂት ቆየ። ያሰበውም ስለ አባቱ ነበረ፤ አባቱ ታክሲ ነድቶ ማታ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ «ስለ ቅጥሩ ምን አሉህ?» እያለ ይጠይቀው ነበርና። ከዚያ በሁለቱ መስመሮች ላይ «ሰነዱ አልደረሰም፤ አላየሁም» ብሎ ጽፎ ላከ።

ሲኒየሩ ደስ አላለውም። ሥራው በዚያ ሌሊት ሳይተላለፍ ቀረ፤ ሲኒየሩም አንድ ቃል ሳይናገር ኮምፒውተሩን ዘግቶ ሄደ። ሁለቱ ደረሰኞች በሦስተኛው ቀን በሌላ ከተማ ካለው ቅርንጫፍ መጡ፤ ቢታዩም የአንድ ሳንቲም ጕድለት አልነበረባቸውም። ጓደኛው «አላልሁህም?» ብሎ ሳቀ። በልምምዱ መጨረሻም የሥራ ጥሪው ለሁለቱም ደረሳቸው። ወጣቱ ደብዳቤውን የጨረሰው በዚህ ጥያቄ ነው፤ «ደረሰኞቹ ትክክል ከነበሩ፥ ጥሪውም ለሁለታችን እኩል ከመጣ፥ እኔ ያን ሌሊት የተጨነቅሁት በከንቱ ነውን?»

የሰጠነው መልስ ይህ ነው። አንደኛ፥ ምልክቷ ደረሰኙ ትክክል መሆኑን ብቻ አትናገርም፤ አስቀድማ «እኔ አይቼዋለሁ» ትላለች። ስለዚህ ደረሰኙ ኋላ ትክክል ሆኖ ቢገኝም፥ ያላየው ሰው ያደረጋት ምልክት ሐሰት ከመሆን አትድንም። ምስክር በችሎት ቆሞ ያላየውን አየሁ ቢል፥ ነገሩ ኋላ እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ፥ እርሱ የሐሰት ምስክር ነው።

ሁለተኛ፥ የሃያ ሦስቱን ምልክቶች ዋጋ የጠበቁላቸው እነዚያ ሁለት ባዶ መስመሮች ናቸው። ወረቀቱን የሚያነበው ሲኒየር፥ ይህ ልጅ ያላየውን አላየሁም የሚል መሆኑን ከባዶዎቹ መስመሮች ያውቃል፤ ስለዚህ የቀሩትን ሃያ ሦስቱን ያምናቸዋል። ሃያ አምስቱም ምልክት ተደርጎባቸው ከመካከላቸው ሁለቱ በግምት የተደረጉ ቢሆኑ ግን፥ የትኞቹ ሁለት እንደ ሆኑ ማንም ሊለይ አይችልም፤ በዚያም ምክንያት ሃያ አምስቱም ዋጋ ያጣሉ።

ሦስተኛ፥ ጥሪው ለሁለቱም እኩል መምጣቱ ሊያስደንቅ አይገባም። ሲኒየሩ የጓደኛውን ወረቀት የተሟላ አድርጎ አይቶታል፤ ከምልክቱ በስተጀርባ ያለውን አላየም። የዚህ ዐይነቱ ሥራ ደመወዝ በዚያው ሳምንት አይከፈልም። ልማድ ግን በዚያው ሌሊት ይጀመራል፥ በሁለቱም ላይ ይጀመራል። ተለማማጅ የነበረው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲኒየር ይሆናል፥ ቈይቶም ሸሪክ ሊሆን ይችላል፤ በዚያን ጊዜ በእጁ ያለው የሁለት ደረሰኝ ጕዳይ ሳይሆን የብዙ ሺሕ ሰዎች ጡረታ ነው።

ይህን ስንል ለማስፈራራት ብለን አይደለም፤ የሆነ ነገር ስለ ሆነ ነው። አምስተኛው ታላቅ ድርጅት አርተር አንደርሰን ይባል ነበር። በ1913 በሺካጎ ተመሥርቶ፥ ኋላ በመላው ዓለም 85 ሺሕ ያህል ሠራተኞች ነበሩት። ይመረምረው የነበረው ኤንሮን የተባለ የኀይል ንግድ ኩባንያ በዲሴምበር 2001 ሲከስር፥ የድርጅቱ ሠራተኞች ከኤንሮን ሥራ ጋር የተያያዙ ብዙ ወረቀቶችን ማጥፋታቸው ታወቀ። በጁን 2002 በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባለ፤ በዚያው ዓመት በኦገስት ባለ አክሲዮን ኩባንያዎችን መመርመር ተወ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005 ፍርዱን ሽሮታል፤ ነገር ግን ደንበኞቹና ሠራተኞቹ ቀድመው ተበትነው ስለ ነበር ድርጅቱ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ከኤንሮን ጋር አንዳች ግንኙነት ያልነበራቸው ብዙ ሺሕ ሠራተኞችም ያለ ሥራ ቀሩ። በ2020 ደግሞ በጀርመን አገር ዋየርካርድ የተባለው ኩባንያ በፊሊፒንስ ባንኮች አለኝ ያለው 1.9 ቢሊዮን ዩሮ የሌለ ሆኖ ተገኘ፤ ባንኮቹም ኩባንያው ደንበኛችን አይደለም አሉ። መርማሪው ኧርንስት ኤንድ ያንግ ነበር። ተለማማጁ «ከባንኩ ከራሱ ማረጋገጫ ይምጣ» ብሎ የሚጽፈው ትንሽ ደብዳቤ ምን ያህል ነገር እንደሚሸከም ከዚህ ይታያል።

እኛን መምህራኑን ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነን ግን ሌላ ነው። በጁን 2022 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቈጣጣሪ ኮሚሲዮን ኧርንስት ኤንድ ያንግን 100 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው። ምክንያቱ አንዳንድ ሠራተኞቹ ለሙያ ፈቃድ የሚያስፈልገውን ፈተና፥ ያውም የሥነ ምግባሩን ክፍል፥ እያጭበረበሩ ስላለፉ፥ ድርጅቱም ነገሩ ሲመረመር ስለ ሸሸገ ነበር። ኬ.ፒ.ኤም.ጂም በ2019 ከሌላ ጥፋት ጋር ሠራተኞቹ በሥልጠና ፈተና በማጭበርበራቸው 50 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል። በክፍል ውስጥ ከጎረቤቱ ወረቀት የሚገለብጠውን ልጅ «ልጅ ነው» ብለን ስናልፈው ለወደፊቱ የምናስተምረው ምን እንደ ሆነ ማሰብ ይገባናል።

ይሁን እንጂ ልጆች ከዚህ ሥራ እንዲሸሹ አንመክርም። በጥቂት ወራት ውስጥ ተለማማጁ ፋብሪካ፥ ሆስፒታልና ባንክ በውስጣቸው እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ ያያል፤ ለታላላቅ ሰዎች በትሕትና ጥያቄ ማቅረብን ይማራል፤ ብዙውን ጊዜም በሰዓት የሚታሰብ መልካም ክፍያ ያገኛል። ወደ ሙያ ፈቃድ የሚወስደውም መንገድ ግልጽ ነው። በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት 150 የኮሌጅ የትምህርት ሰዓታት ሲጠየቁ ኖረዋል፤ በቅርብ ዓመታት አንዳንድ ግዛቶች ሌላ መንገድም እየጨመሩ ነው። ፈተናው አራት ክፍል አለው፥ የእያንዳንዱም ማለፊያ 75 ነው። ለትጉህ ልጅ ይህ የሚገፋ በር ነው።

ቤተሰቦች የሚጠይቁን ሌላም ነገር አለ። የብርዱ ወራት ልምምድ የሚጀምረው የልደት በዓላችን በሚውልበት በጃንዋሪ መጀመሪያ ሳምንታት ነው፤ ጥድፊያውም ብዙውን ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገናኛል፤ ቡድኑም አምሽቶ ሲሠራ ድርጅቱ ራት እያስመጣ ያበላል። ልጁ በዓሉን አስቀድሞ ለኀላፊው ቢያሳውቅ፥ የማይበላውንም ምግብ በመጀመሪያው ቀን በአጭሩ ቢናገር ይበቃል። በዚህ ረገድም ትምህርቱ አንድ ነው፤ ያልበሉትን በላሁ፥ ያላዩትን አየሁ ብሎ ሰውን ከማስደሰት እውነቱን በጨዋ ቃል መናገር ይሻላል።

ነገሩ የባሕር ማዶ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአገራችን የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቍጥር 847 በ2006 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም ተቋቍሞ ሙያውን ይቈጣጠራል። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በአዲስ አበባ ተከፈተ። እንግዲህ የጎንደር ሰው በአዲስ አበባ ያለውን ባንክ፥ የሐዋሳ ሰው ያላየውን ድርጅት አክሲዮን የሚገዛበት ዘመን መጥቷል። ያላየውን የሚያይለትም ሰው ያስፈልገዋል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችን ለሥራ ልምምድ ወደ መሥሪያ ቤት ሲላኩ፥ ሳይሠሩ የልምምድ ቅጻቸው ተፈርሞላቸው ቢመለሱ፥ የመጀመሪያዋ የሐሰት ምልክት በነርሱ ላይ የተደረገችው ምልክት ናት ማለት ነው።

ስለዚህ፥ ውድ ወላጆች፥ ሁለት ነገር እንድታደርጉ እንለምናችኋለን። አንደኛው፥ ልጃችሁ ማታ ሲገባ «ይቀጥሩሃል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ጥቂት አዘግዩት፤ በፊቱ «ዛሬ ያላወቅኸውን ምን ጠየቅህ?» በሉት። ስለ ብድሩም ከርሱ ጋር ተመካከሩ እንጂ በየማታው በትከሻው ላይ አትጫኑበት፤ የፈራ ሰው ያላየውን አየሁ ለማለት ይፈጥናልና።

ሁለተኛው በቤት ውስጥ ከልጅነት የሚጀመር ነው። ማታ መብራት ከመጥፋቱ በፊት «በሩ ተቀርቅሯል?» ብላችሁ ስትጠይቁ፥ ልጁ ከአልጋው ሳይነሣ «አዎን» ብሎ ይመልስ ይሆናል። ሄዳችሁ ስታዩ በሩ በእርግጥ ተቀርቅሮ ታገኙታላችሁ። በዚያች ሰዓት «እውነቱን ነው» ብላችሁ አትለፉት። ቀስ ብላችሁ «አይተህ ነው ወይስ ገምተህ?» በሉት። «ገምቼ ነው» ቢላችሁ አትቈጡት፤ «እንግዲያው ሂድና እይ» በሉት። «አላየሁም» ማለት በቤቱ ያላሳፈረው ልጅ፥ በሰው አገር በረዥሙ ጠረጴዛ ዙሪያ በተቀመጠ ጊዜም አያሳፍረውም። ያች ጡረተኛ መምህርት ስሙን ሳታውቀው በርሱ ዐይን ታያለች።